ግልበጣ ይዤ ዝዋይ ስወርድ

ያን ክረምት ከናዝሬትና ከዝዋይ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ስገባ፣ የመምህራን ክፍሉ ሰው ከቦኝ "እስቲ ንገሪን!" ሲል ያወራሁላችሁ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣውና ስለ ጋሪው ብቻ ነበር። ዋናውን ነገር ዋጥ አድርጌው ነበር። ምን ላድርግ፣ ጊዜው ደርግ ነበራ! አሁን ያ ዘመን አልፏል፤ አፌም እንደ ድሮው አልተቆለፈም፤ ስለዚህ እንደሆነው ሆኖ ልጻፍላችሁ። ከእናንተ መሃል ከቃሊቲ ወዲያ ወርዶ የማያውቅ ስለማይጠፋ መንገዱንም አሳያችኋለሁ።

አስቀድሜ የሄድኩበትን ጉዳይ ላስታውሳችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህርት፣ ባለቤቴ ግርማ ናዝሬት የጋራዥ መካኒክ። ከተጋባን ጀምሮ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ዝውውር ብጠይቅ "ቦታ የለም"፣ እንደገና ብጠይቅ "ጠብቂ"። በመጨረሻ ናዝሬት አንድ የባዮሎጂ መምህር ቦታ ተከፈተ ተባለ፤ ፈላጊዎቹ ግን ሁለት ሆንን፣ እኔና አንድ የአሰላ መምህር። የትምህርት ኢንስፔክተሩ፣ "ዝዋይ ላይ ለክረምት ኮርስ የተሰበሰቡ የአንደኛ ደረጃ መምህራን አሉ፤ ሁለታችሁም አንዳንድ ትምህርት በአማርኛ ስጧቸው፤ የተሻለው ናዝሬት ይገባል" አለ። እንግዲህ ከባሌ ጋር በአንድ ጣራ ሥር መኖር አለመኖሬ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊወሰን ነው!

የደረሰኝ ርዕስ ሴል ከያዘው መረጃ ሁሉ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ እንዴት እንደሚሠራበት ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አስተምረዋለሁ። በአማርኛ ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ነገር ስም ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ትራንስክሪፕሽን የሚሉት መረጃውን መገልበጥ አይደል? ተማሪስ ከሰሌዳ ይገለብጥ የለ? "ግልበጣ" አልኩት። የተገለበጠውን ይዞ ከኒውክሊየስ የሚወጣውን አር ኤን ኤ "መልእክተኛ" አልኩት። መረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አላስገለብጥም የሚለውን ፕሮቲን ደግሞ "አፋኝ"። ደስ አለኝ እኮ! በማኒላ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ በትልልቁ ጻፍኩና ጠቅልዬ በጎማ አሰርኩት።

ረቡዕ

ከደብረ ብርሃን በማለዳው አውቶቡስ ወጣሁ። የሐምሌ ጭጋጋችንን ታውቁታላችሁ፤ ሹፌሩ በዓይኑ ሳይሆን በግምት ነበር የሚነዳው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ቀየርኩ። ደብረ ዘይትን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ነጠላዬንም ከትከሻዬ አወረድኩ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ወደ እሷ ይሮጣል፤ እዚያ ሰዉ ከእሷ ሸሽቶ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚሄደው። ሳቄ ከዚያ ጀመረኝ። ባሌን ላየው ነው፣ ሙቀት አለ፣ ማኒላዬ ጭኔ ላይ ነው፤ ለምን አልስቅ?

ሞጆ ኬላ ላይ ግን አስቆሙን። ፈታሾቹ ሻንጣውን ሁሉ አለፉና "ያ የተጠቀለለው ምንድነው?" አሉ። "የትምህርት መርጃ ነው" አልኩ። ኃላፊያቸው ጓድ ከድር የሚባሉ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ረጅም ሰው ናቸው፤ ጎማውን ፈቱና ማኒላውን ዘረጉት። ከዚያ ሳይቸኩሉ፣ ለአውቶቡሱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አነበቡ።

"አፋኙ ሲነሳ ግልበጣው ይጀመራል።"

በእግዚአብሔር! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ዓረፍተ ነገሩን በባዮሎጂ ጆሮ ብቻ ነበር የሰማሁት። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለችብኝ። ጓድ ከድር ቀጠሉ። "መልእክተኛው ከሴሉ ማዕከል ሾልኮ ይወጣል። ሥራውን ሲጨርስ ይወገዳል።"

እኔ አንድ ክፉ አመል አለኝ፤ ስፈራ እስቃለሁ። አፌን በነጠላዬ ብይዘው በአፍንጫዬ ወጣ። አውቶቡሱ ሻንጣዬን አውርዶልኝ ሄደ፤ እኔ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ጓድ ከድር ጠረጴዛቸው ላይ ማኒላውን ዘርግተው ጥያቄ ጀመሩ።

"ይኼ ሴል የት ነው የሚገኘው?"

"በሁላችንም ውስጥ።"

"ሁላችንም ማለት?"

"እኔም ውስጥ አለ፣ እርስዎም ውስጥ አለ።"

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። "እኔ ውስጥ የለም!" አሉ፤ ደግሞ በሩ ላይ ወደቆመው ጥበቃ ዞር ብለው "እኔ ውስጥ የለም" ሲሉ ደገሙለት።

"አለ እንጂ! ጉበትዎ ውስጥማ ግልበጣው ሌት ተቀን ነው።"

"መልእክተኛው ማነው ስሙ?"

"አር ኤን ኤ።"

"ይኼ የሚስጥር ስም ነው። እውነተኛ ስሙን ንገሪኝ።"

"ራይቦኑክሊክ አሲድ።"

"የውጭ አገር ሰው ነው?"

ከዚህ በኋላ ተውኩት፤ ወንበሩ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ፤ እንባዬ ወረደ። በዚያን ጊዜ ሰው በአንዲት ቃል ምክንያት ሄዶ ይቀር እንደነበር ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ጓድ ከድር ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። ፊቴን አይተው አይተው ግንባራቸውን አሹ። "እቴ፣ ልልቀቅሽ ብል ነገ ሌላው ይይዝሽና ማነው ያሳለፋት ይባላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ለቅሶ ሄደዋል፤ ነገ ይመጣሉ፤ እሳቸው ይወስኑ" አሉ። ማደሪያዬን ጠየቅሁ። "እስር ቤቱ ሴት የምታድርበት አይደለም። ቤቴ ታድሪያለሽ" ብለው ሻንጣዬን ራሳቸው አነሱት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ በር ላይ "አካም ጅርታ! ኮቱ፣ ግቢ ግቢ" ብለው በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀበሉ እንደ ዘመድ ሳሙኝ። እስረኛ መሆኔን ሲሰሙ ባላቸውን ክፉኛ ገላመጧቸው። ወዲያው አንድ ትልቅ ቅል እርጎ አመጡና ክዳኑን አንስተው አቀረቡልኝ። ምን የመሰለ እርጎ! ለካ ረቡዕ ነው። "ጾም ነው" አልኩ በሹክሹክታ። ወይዘሮ ፋጡማ ደረታቸውን መቱ። "ወላሂ ረስቼ! እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ረቡዕ የጾም መሆኑ ከየት ይምጣብን" ብለው ክዳኑን ከደኑበትና ሽሮ ሊሠሩልኝ ሮጡ።

ሽሮው እስኪደርስ ጓድ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አሁን ቢሮ አይደለንም። እውነት ምንድነው ነገሩ?" አሉኝ። እኔም ያንን የተከደነ ቅል እያሳየሁ ነገርኳቸው። በሰውነታችን ያለ ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት ትልቅ መጽሐፍ አለው። መጽሐፉ ከማዕከሉ አይወጣም፤ የሚያስፈልገው ገጽ ብቻ ይገለበጥና ይወጣል፤ በወጣው መሠረት ሥራው ይሠራል፤ ከዚያ የተገለበጠው ወረቀት ይቀደዳል፣ ካልተቀደደማ ሥራው ማብቂያ አይኖረውም። አንጀታችን ውስጥ ያለች አንዲት ባክቴሪያ የምትባል ደቂቅ ነፍስ ደግሞ ወተት የሚፈጭ መሣሪያ የመሥራት ዕውቀት አላት፤ ግን ወተት ሳይኖር አትሠራውም፤ ምን ይሁነኝ ብላ? ያ ገጽ ላይ አፋኝ ተቀምጦበታል። ወተት ሲመጣ አፋኙ ይነሳል፣ ገጹ ይገለበጣል።

"አፋኙን ማነው የሚያነሳው?" አሉ ጓድ ከድር።

"ወተቱ ራሱ! ከወተቱ የሚገኘው ስኳር ሄዶ ይይዘውና ከቦታው ያስለቅቀዋል።"

ወይዘሮ ፋጡማ ከማድቤት "ብልሃተኛ ናት!" ሲሉ ሰማሁ። ጓድ ከድር ግን ወደ በሩ አዩ። ከዚያ "ታች ያለው ሄዶ አፋኙን ያነሳዋል ነው የምትይኝ። ይኼንን ለሊቀመንበሩ እንዳትነግሪ" አሉኝ። ያን ጊዜ እሳቸውም ሳቁ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

ሐሙስ

ጠዋት ያ ቅል ተከፈተልኝ። ሁለት ጊዜ ተቀዳልኝ፤ ሦስተኛውን ወይዘሮ ፋጡማ ለምነው አስጠጡኝ። ደብረ ብርሃን እንግዳ "በቃኝ" ሲል ትንሽ ለምነን እንተወዋለን፤ እዚያ ግን በቃኝ ማለት እንደገና ቅጂልኝ ማለት ነው የሚመስላቸው።

ሊቀመንበሩ ከለቅሶ እንደመጡ ድክም ብሏቸዋል። ማኒላውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ጓድ ከድር "የጉበት ነገር ነው" ብለው አስረዱልኝ። ሊቀመንበሩም ብይን ሰጡ። "ትምህርቱን አልከለከልኩም፤ ትምህርት ብርሃን ነው። ቃሉን ግን ከልክያለሁ። ግልበጣ የሚል ቃል በአደባባይ አይነገርም። አፋኝም አይነገርም። ሴልንም ሕዋስ በይው።" ጓድ ከድር ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው "ሕዋስም እነዚያው በድብቅ የሚደራጁት የሚሉት ነው እኮ" አሏቸው። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው እንደፈለገች ትበለው፤ ማኒላው ግን እዚህ ይቀራል" አሉ። እጃቸውን ስሜ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።

ናዝሬት መናኸሪያ ስደርስ ግርማ ከትናንት ጀምሮ የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ ሲያይ ኖሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጋሪ ላይ ተጭነን ወደ ቤት እየሄድን የደረሰብኝን ስነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ የጓድ ከድር ጉበት ላይ ስደርስ በሳቅ ከጋሪው ሊወድቅ። ባለጋሪው ዞሮ "ሙሽሮች ናችሁ?" አለን። "ሁልጊዜ!" አለው ግርማ። ፈረሱ እንኳ ያለ ጅራፍ ይሮጥ ነበር።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። እኛ ዘንድ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ጉልበታችንን አቅፈን እንተኛለን፤ ናዝሬት አንሶላም ይከብዳል። ግን ለመተኛት ማን ጊዜ ሰጠን! ቃል ፍለጋ ገባን። ነገ ዝዋይ ልወርድ፣ ከነገ ወዲያ ላስተምር፣ እጄ ላይ ማኒላ የለ፣ አፌ ላይ ቃል የለ።

"አፋኙን ፍሬን በይው" አለ መካኒኩ።

"ፍሬን ሲለቀቅ መኪናው ገደል ነው የሚገባው! የእኔ ሲለቀቅ ሥራ ነው የሚጀምረው።"

"እንግዲያው ሞተር የምታስነሳዋን ካንዴላ።"

"ወግድ!"

ለካስ ቃሉ ትናንት ፊት ለፊቴ ሲከፈትና ሲዘጋ ነበር። ክዳን! "ክዳን" ብዬ ጮህኩና ግርማን ትከሻው ላይ መታሁት። ግልበጣ የምትለዋ ግን አስቸገረች። ማታ እራት ልንበላ ስንወጣ መንገድ ዳር ያለች ሙዚቃ ቤት በር ላይ "ካሴት እንቀዳለን" የሚል ተጽፎ አየሁ። ዋናው ካሴት ከሱቁ አይወጣም፤ ቅጂው ነው በየቤቱ የሚዘፍነው። ቅጂ! መንገድ መሃል ቆሜ ባሌን ሳምኩት፤ ናዝሬት ሞቅ ያለች ከተማ ናት፣ ዞሮ ያየንም የለ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ሳምንት ይወራብን ነበር።

ዓርብ

ወደ ዝዋይ የሚሄደው መንገድ መልሶ በሞጆ ነው። ኬላው ላይ ጓድ ከድር አውቶቡሱ ውስጥ ብቅ ብለው ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ "ምን ይዘሻል ዛሬ?" አሉ። "ክዳንና ቅጂ" አልኳቸው። "እሱ ይሻላል። እለፉ!" አሉ፤ ሌላ ሰው ሳይፈተሽ አለፍን። ተሳፋሪው ሁሉ የትልቅ ሰው ሚስት መሰልኩት፤ እኔም አላረምኩም።

ከቆቃ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ግራር፣ ግራር፣ ደግሞ ግራር። መቂ ላይ ሴቶች ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኮት ሊያስገቡልን ይጋፉ ነበር። እኛ ጋ አንዲት ቲማቲም በምን መከራ እንደምትቀላ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ለአህያ ይጥሉላታል። ዝዋይ የገባሁት በአቧራና በላብ ተለውሼ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ጠብሰው፣ ጭንቅላቱ እንዳለ እያፈጠጠ አመጡልኝ። "ዓርብ ነው እኮ" ብል ባለሆቴሏ ወይዘሮ አስካለ ቆጣ አሉ። "ዓሣ ምን ደም አለው? ሐይቅ ዳር ተቀምጠን እንራብ ወይ? ብይ!" በላሁ። ኃጢአቱ በእሳቸው ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው መነጽር ያደረገ ሰው በእኔና በዓሣው ሲስቅ ቆየና ራሱን አስተዋወቀ። ተስፋዬ ይባላል፤ የአሰላው መምህር ነው። ተቀናቃኜ! ምግቡ አነቀኝ። ማኒላ እንደሌለኝ ሲሰማ ግን ክፍሉ ገብቶ ከራሱ ሁለት ባዶ ማኒላና እስክሪብቶ አምጥቶ ሰጠኝ። "ባዶ እጅሽን ብበልጥሽ ምን ደስ ይለኛል" አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሥራዬ በቀለለልኝ። ሁለታችንም አመሻሹን ጎን ለጎን ስንጽፍ አመሸን፤ እሱ ስለ ወባ፣ እኔ ስለ ክዳን።

ቅዳሜ

ክፍሉ በመምህራን ጢም ብሏል። ፊት ወንበር ላይ ኢንስፔክተሩ፤ አጠገቡ ካኪ ልብስ የለበሰ የአውራጃው ካድሬ። ተስፋዬ ወባን አስተማረ፤ እውነቴን ነው፣ ግሩም አድርጎ አስተማረ። ተራዬ ደረሰ። ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት።

ጀመርኩ። "ዓይናችሁና ጉበታችሁ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው ያላቸው። ታዲያ ጉበት ለምን አያይም?" ሳቁ። ያዝኳቸው! ጉበት የዓይንን ገጽ ስለማይቀዳ ነው አልኩ። ካሴቱን ነገርኳቸው፤ ዋናው አይወጣም፣ ቅጂው ይወጣል። የተከደነውን ቅል ነገርኳቸው፤ ወተት ራሱ መጥቶ ክዳኑን እንደሚያስነሳ። አንዲት መምህርት "ታዲያ ወተቱ ሲያልቅስ?" አለችኝ። "ክዳኑ ይመለሳል፤ የወጡት ቅጂዎችም ይቀደዳሉ" ስላት "ውይ እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!" አለች። አንድም የተከለከለ ቃል አልወጣኝም። ጨረስኩ፤ አጨበጨቡ፤ በደስታ ጣራውን ልነካው ደረስኩ።

ኢንስፔክተሩ ሊያጠቃልል ተነሳ። እሱም ግሎ ነበር፤ እጁን እያወናጨፈ፣ "ባጭሩ ጓዶች፣ ክዳኑ ሲነሳ ግልበጣው ይጀመራል ማለት ነው!" አለ።

ማንም ማኒላዬን አላሳየውም። ቃሉ ራሱ ነው ተንደርድሮ የመጣበት። ኢንስፔክተሩ ያለውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ካድሬው ቀስ ብሎ ተነሳና "ምን? ምኑ ነው የሚጀመረው?" አለ።

ሳቄ መጣ። በዚያች ሰዓት ብስቅ ኢንስፔክተሩም ጠፋ፣ ናዝሬትም ጠፋ፣ ግርማም ጠፋ። ጥርሴን ነክሼ፣ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ፣ "ግልባጩ ነው ያሉት ጓድ!" አልኩ። "ግልባጩ ይጀመራል። የደብዳቤ ግልባጭ እንደሚባለው።"

"እኔ ግልበጣ ሲሉ ነው የሰማሁት።"

ከኋላ ተስፋዬ ብድግ አለ። "ግልባጭ ነው ያሉት" አለ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። ከዚያ ያቺ የንጹሑ ቤት መምህርት፣ ከዚያ ሌላው፤ በመጨረሻ ክፍሉ በሙሉ እንደ ተማሪ በአንድ ድምፅ "ግልባጭ ነው ያሉት!" አለ። ካድሬው ሁላችንንም ዓይኑን እያዞረ አየን። አንድ ሰው ይታሰራል፤ አንድ ክፍል ሙሉ መምህር የት ይገባል? ቁጭ አለና "ግልባጩ ለማነው?" አለ።

"ለጉበት" አልኩት። በዚህ ጊዜ መሳቅ ተፈቀደ፤ ምን መሳቅ ብቻ፣ ወንበር ተሰበረ።

በኋላ ኢንስፔክተሩ ግራር ሥር ጠራኝ። "ናዝሬት ያንቺ ነው" አለኝ። "ለትምህርቱ ነው ወይስ ለግልባጩ?" ብዬ ብጠይቀው "ዝም ብለሽ ዕቃሽን ሰብስቢ!" ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ተስፋዬን ፊቱን ማየት አፍሬ ስሸሽ ተከትሎ መጣና እጄን ጨበጠኝ፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሱ አላለቀሰም።

እሑድ

ናዝሬት ስመለስ ግርማ በር ላይ ቆሞ ነበር። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁለት። ሻንጣዬን ተቀበለኝና አልጋው ላይ አድርጎ ከፈተው። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ናዝሬት ስመጣ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ሰቅዬ አላውቅም፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን ምን ያደርጋል እያልኩ ከዚያው እየጎተትኩ ነበር የምለብሰው። ግርማ አንድ በአንድ እያወጣ ከራሱ ሸሚዞች ጎን ሰቀላቸው። ቀሚሴን፣ ሹራቤን፣ ነጠላዬን። ከታች ያ የደብረ ብርሃን ወፍራም ካፖርቴ ቀረ። በሁለት እጁ አንስቶ ሲይዘው ላብ አጠመቀው።

"ይኼንንስ ምን እናድርገው?" አለ።

"ሽጠው።"

"ዕቃሽን ልታመጪ ደብረ ብርሃን ትመለሺ የለም እንዴ? በሐምሌ?"

"በብርድ ልሙታ!" አልኩት እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩ። "ሽጠው፣ ግርማ። ዛሬውኑ ሽጠው።"